ሽማግሌ ተቀምጦ ዋይፋይ ጠፋ

ነገሌ ስትመጡ ስለ እኔ ብትጠይቁ "ያ ቁጡ ሰውዬ" ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው። ዕድሜዬን የጦር ሠራዊት ከባድ መኪና ስነዳ ኖሬ፣ መንገዱም ኮረኮንች አለቃውም ኮረኮንች ስለነበር እኔም ኮረኮንች ሆኜ ቀረሁ። ፊደል የቆጠርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ በማታ ትምህርት ነው። ከዚያ በፊት ደብዳቤ ሲመጣልኝ የሚያነቡልኝ ሰዎች ደስ ያላቸውን እየጨመሩ፣ የከበዳቸውን እየዘለሉ ነበር የሚያነቡልኝ። ስለዚህ እስከ ዛሬ ሰው የተናገረውን እጠረጥራለሁ፤ የተጻፈን ነገር ግን አልከራከርም። አሁን የማወራላችሁ ይህ ጠባዬ አንድ ቅዳሜ ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎችን የት ወስዶ እንዳስቀመጣቸው ነው።

ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፤ ሰናይት። ዶሎ ኦዶ ስደተኞች በሚታከሙበት ጣቢያ ነርስ ናት። እዚያው የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ጉዮ የሚባል የዱብሉቅ ልጅ ወደዳት። እናቱ እንደኛው የነገሌ ጦር ካምፕ ልጅ ናት፤ እሱም ክርስትና የተነሳው እዚሁ ነገሌ ነው። በዚህ በኩል የምቃወመው ነገር ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ ቅጥነቱን ተቃወምኩ። ባለቤቴ ዘነበች "አንተስ ስታገባኝ ቀበቶህን ስንት ቦታ ነበር የበሳኸው?" ስትለኝ እሱንም ተውኩት።

ሽማግሌ ሊላክ ነው ሲባል አንድ ነገር ብቻ አልኩ። "መጀመሪያ የምትጠየቀው ልጄ ናት። እሺ ስትል በጆሮዬ ልስማ፣ ፊቷንም ልየው። እኔን ከዚያ በኋላ ትጠይቁኛላችሁ።" ስልክ አይሆንም አልኩ። በስልክ እያለቀሱም እሺ ይባላል።

ይህ ከመሬት ተነስቶ የመጣብኝ አይደለም። ዘነበችን ለማግባት ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ አባቷ ጠርተው ጠየቋት፤ አቀርቅራ ዝም አለች። ዝምታ እሺ ማለት ነው ተባለ፣ ተጋባን። ይኸው ሠላሳ ዓመት፣ በጨው ተጣላን፣ በዘመድ ተጣላን፣ የነገሩ መጨረሻ "ለመሆኑ ማን ጠየቀኝ?" ነው። ይህን ዕዳ ለሌላ ወንድ ላወርስ አልፈልግም፤ ቀጭንም ቢሆን።

ፊቷን የምናይበት ላፕቶፕ እሷው የላከችልኝ ነው። ዋይፋዩንም ያስገባችልኝ እሷው ናት፤ "አባዬ፣ ዜና ታነብበታለህ፣ ንዴትህም ይበርድልሃል" ብላ። ዜና አነበብኩበት። ንዴቴ የት እንደደረሰ ዘነበችን ጠይቋት።

ዋይፋዩ በገባ በማግስቱ ወተት ሻጯ ጎረቤቴ አዴ ሎኮ ከአጥሩ ማዶ አንገቷን ብቅ አድርጋ የይለፍ ቃሉን ጠየቀችኝ።

"አልሰጥም" አልኳት። እኔ መንገድ ስጠየቅ እንኳ "ፈልጋችሁ አግኙት" የምል ሰው ነኝ።

አዴ ሎኮ አልተቆጣችም። "አካም፣ ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና? ከብቶችህ ደህና ናቸው?" አለችኝ።

"ከብት የለኝም።"

"ይሁን፣ ደህና ይሁኑ። በቦረና ምድር ውሃ የሚከለክል ሰው አይተህ ታውቃለህ?"

"ይሄ ውሃ አይደለም።"

"ካንተ ግቢ ይመነጫል። ስለቀዱት አይደርቅም። የጠማው ሰው ደጅህ ላይ ቆሟል። ታዲያ ምንድን ነው?"

ሰናይት የይለፍ ቃሉን የጻፈችልኝን ወረቀት አምጥቼ እንዳለ ሰጠኋት። ከእሷ ደግሞ ማን ማን እንደቀዳ አላውቅም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አጥሬን ተደግፈው የሚቀመጡ ሰዎች በዙ። የባጃጅ ሾፌር አለ፣ የካምፕ ወታደር አለ፣ ከገበያ የሚመለስ አለ። ለጥላው ብለው ነው ብዬ ዝም አልኩ። አጥሬ በዚያ ሰዓት ጥላ እንደሌለው ያሰብኩበት በኋላ ነው።

እንግዲህ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ይሆናሉ ተብለው ሁለት ናቸው፤ ሦስተኛው ሜጋ ላይ መኪና ተበላሽቶባቸው ቀርተዋል። ታላቁ ኦቦ ጃርሶ የጉዮ አጎት ናቸው፤ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። በዱብሉቅ ኤላዎች፣ በጥልቆቹ የውሃ ጉድጓዶች ላይ፣ አባ ሄረጋ ነበሩ። የማን ከብት ዛሬ ይጠጣል፣ የማን ለነገ ያድራል የሚሉት እሳቸው ናቸው ማለት ነው። ሁለተኛው በማታ ትምህርት ሀ ሁ ያስቆጠሩኝ መምህር ይልማ ናቸው። በአምስት ዓመት እበልጣቸዋለሁ፤ ሆኖም እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው አንተ ይሉኛል። ፊደል ባስቆጠረ ሰው ላይ ዕድሜ አይሠራም።

"የመጣንበት ጉዳይ ካልሆነልን አንቀመጥም" አሉ መምህር ይልማ እንደ ወጉ።

"እንግዲያው ቁሙ" አልኩ። ዘነበች ክንዴን ቆነጠጠችኝና "ተቀመጡ" ብዬ አረምኩት።

ነገሩ የሰዓት ጉዳይ ነበር። የዶሎ የስልክ መስመር ከትናንት ጀምሮ የለም፤ ያለው የጣቢያው ኢንተርኔት ብቻ ነው። ሰናይት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ ትገባለች። ኦቦ ጃርሶ በማግስቱ ማለዳ ይሳፈራሉ። ሽማግሌ መልስ ሳይይዝ ከወጣ ደግሞ እምቢ እንደተባለ ይቆጠራል። ቀጠሮ መስጠት ይቻላል፤ ግን ከዱብሉቅ አቧራ ለብሰው የመጡ የሰማንያ ዓመት ሰው "በሁለት ሳምንት ይመለሱ" ከሚባሉ እምቢ ቢባሉ ይሻላቸዋል።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰናይት ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። ሰላምታው ሩብ ሰዓት ፈጀ። ኦቦ ጃርሶ "ናጋ?" ብለው የእሷን ጤና፣ የሕመምተኞቹን ጤና፣ የዶሎን ዝናብ፣ የግመሉን ሁኔታ ሁሉ ጠየቁ። እሷም ስለ ግመሉ የምታውቀውን ያህል መለሰች። ከዚያ መምህር ይልማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ ሰናይት፣ ጉዮን ትፈቅጂዋለሽ ወይ?"

ሰናይት ቀና አለች። ቀኝ እጇን ወደ ጆሮዋ አነሳች፣ አፏን ከፈተች። እንደዚያው ቀረች።

ጠበቅናት። በቦረና ሸንጎ አፉን የከፈተ ሰው ሳይጨርስ አይቋረጥም፤ ኦቦ ጃርሶ ሁለት እጃቸውን ብትራቸው ላይ ጭነው አቀረቀሩ። እኔም እያሰበች ነው አልኩ። ከመናገሯ በፊት ታስባለች፤ ይህን ከእናቷ ነው የወሰደችው። አምስት ደቂቃ ሄደ። ዝንብ መጥታ አፍንጫዋ ላይ አረፈች፣ ወደ ግንባሯ ወጣች፣ በቅንድቧ በኩል ተመልሳ ወረደች። ልጄ ወይ ፍንክች።

"ትዕግሥቷን እዩ" አሉ ኦቦ ጃርሶ በአድናቆት። "ለቤት የምትሆን ናት።"

መምህር ይልማ ሰዓታቸውን አዩና "እንግዲህ ዝምታ እሺ ማለት ነው። ጨርሰናል" አሉ።

ዘነበች ከተቀመጠችበት ተነሳች። "ምን አሉ መምህር?"

"ዝም አለች እኮ። ዝምታ..."

"እኔም ዝም ብዬ ነው የተዳርኩት። ለምን ዝም እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ሳል ይዞኝ ነበር። አፌን ከከፈትኩ አባቴ ፊት እንዳልስል ፈርቼ ነው።"

ሠላሳ ዓመት አብሬያት ስኖር ይህን አልሰማሁም። "ሳል?" አልኳት።

"ሳል።"

"ሳሉ ባይኖር ምን ትይ ነበር?"

ነጠላዋን አስተካከለች። "እሺ እል ነበር። ግን አፌን ከፍቼ እለው ነበር።"

ሽማግሌ ባይኖር ኖሮ እስቅ ወይም አለቅስ ነበር፤ ሁለቱም ስለማይሆን ወደ መምህር ይልማ ዞርኩ። "ይሄ ዝምታ የልጄ አይደለም፤ የዋይፋይ ነው። በዋይፋይ ዝምታ ልጅ አልድርም።"

"አንተ መጀመሪያም አልፈለግህም" አሉኝ፤ ልክ የቤት ሥራ ሳልሠራ የመጣሁ ይመስል።

"አዎ፣ አልፈለግሁም። ልጁ ቀጭን ነው፤ የዶሎ ንፋስ ይወስደዋል። ደግሞስ እሷ ባል አግብታ የራሷን ሰው ስትቆጣ እኔን ማን ይቆጣኛል? ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በስልክ 'ጨው አትብላ፣ ከሰው አትጣላ' የምትለኝ እሷ ናት። ዘነበች እንደሆነ ደክሟታል።"

እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ሲወጣ ሰምቼው ስለማላውቅ እኔም እንደ ልጄ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እፍረቴን ለመሸሸግ ተነስቼ ደብተሬን አመጣሁ።

ሰናይት ባለፈው ፋሲካ መጥታ ሳለ ዋይፋዩ ሲበላሽ የማደርገውን በደብተሬ በራሴ እጅ አስጽፋኛለች። መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። "የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፋና አብራ።" አጠፋሁ። የልጄ ፊት ድርግም አለ።

"ሄደች?" አሉ ኦቦ ጃርሶ።

"የት ትሄዳለች? ዶሎ ናት።" አበራሁት። የለችም።

"የዋይፋዩን ሳጥን ከሶኬት ንቀል፣ እስከ ሠላሳ ቁጠር፣ መልሰህ ሰካ።" ሳጥኑ ያለው መኝታ ቤት፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ነው። ወንበር ላይ ወጥቼ ነቀልኩና ጮክ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ ስምንት ላይ ስደርስ ኦቦ ጃርሶ ከሳሎን ምርቃት ጀመሩ። በምርቃት መካከል አሜን አለማለት ነውር ነው፤ አሜን ስል ቁጥሩ ጠፋኝ። እንደገና ከአንድ። ሃያ አምስት ላይ ሁለተኛው ምርቃት መጣ። በሦስተኛው "ኦቦ፣ እስከ ሠላሳ ድረስ ሳንባረክ እንቆይ" ብዬ ለመንኳቸው።

ቀጥሎ "ወደ ሳጥኑ ተጠጋ" ይላል። ላፕቶፑን ተሸክሜ መኝታ ቤት ገባሁና ሽማግሌዎቹን ጠራኋቸው።

ዘነበች በሩ ላይ ቆመች። "ሽማግሌ መኝታ ቤት ሲገባ የት አገር አይተሃል?"

"ተጽፏል" አልኳት።

አልጋው ላይ ያልታጠፈ የታጠበ ልብስ ተቆልሎ ነበር። ኦቦ ጃርሶ ከቁልሉ በስተቀኝ፣ መምህር ይልማ በስተግራ በክብር ተቀመጡ። በመምህር ይልማ ጉልበት ላይ የእኔ ረጅም የውስጥ ሱሪ ወደቀ፤ ሁላችንም አላየንም አልን፣ እሳቸውም አላዩም። ላፕቶፑ "ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት ግን የለም" ይለኛል። እንዲህ ያለ መልስ የማውቀው ከመሥሪያ ቤት ብቻ ነው፤ ቢሮው ክፍት ነው፣ ኃላፊው የሉም። እንደ ድሮ መኪናዬ ዳሽቦርድ በመዳፌ አንድ ጊዜ አቀመስኩት። ይሄኛው አልተጻፈም፤ ከልምድ ነው።

የመጨረሻው መስመር ላይ ደረስኩ። "አውታሩን እንዲረሳው አድርግ፤ ከዚያ እንደ አዲስ ግባ።" እርሳ የሚለውን ነካሁ። በወታደር ቤት ስኖር ትእዛዝ በዚህ ፍጥነት ሲፈጸም አላየሁም፤ ወዲያው ረሳው። ቀጥሎ የይለፍ ቃል አምጣ አለኝ። የይለፍ ቃሉ ያለበት ወረቀት ደግሞ ያለው አዴ ሎኮ ዘንድ ነው።

እንግዲህ የቤቱ ባለቤት፣ የዋይፋዩ ጌታ፣ ልጄን ልድር ነው ብዬ የለበስኩትን ኮት እንደለበስኩ ጎረቤት ልለምን ወጣሁ። አዴ ሎኮ በሯ ላይ ተቀምጣለች። የይለፍ ቃሌ ከኋላዋ በቆርቆሮው በር ላይ፣ ከወተቱ ዋጋ በላይ፣ በጠመኔ በትልቁ ተጽፏል።

"አካም፣ ደህና ነህ?" አለችኝ።

"የይለፍ ቃሉን ልገልብጥ ነው የመጣሁት።"

"የማንን?"

"የራሴን።"

ትንሽ አየችኝ። "ከብቶችህ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው" አልኳት። ምን ላድርግ?

የእንግሊዝኛ ፊደል ለእኔ ሁለተኛው ዳገት ነው፤ ትልቁና ትንሹ ተቀላቅሎ ሲመጣ ደግሞ ዳገቱ ጭቃ ይሆናል። ፊደል በፊደል እንደ ሥዕል እየሳልኩ ገልብጬ ተመለስኩ፤ አዴ ሎኮም ነገሩ ምን እንደሆነ ለማየት ተከትላኝ መጣች። አስገባሁት። ተገናኝቷል፤ ኢንተርኔት ግን የለም። ሰዓቱ አሥር ሊሆን ምንም አልቀረውም።

"ዛሬ እኛም ጋ ቀርፋፋ ነው" አለች አዴ ሎኮ በሩን ተደግፋ። "ኳስ አለ እኮ።"

ኦቦ ጃርሶ ቀና አሉ። "እኛ ማለት ስንት ናችሁ?"

አዴ ሎኮ ቆጥራ ስለማታውቅ መምህር ይልማን አልጋው ላይ ትተን ወጥተን አየን። ከአጥሬ ጥግ እስከ ጥግ፣ በተርታ፣ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ቀና ብሎ ሰላም ያለን እንኳ የለም።

"የዚህ ኤላ አባ ሄረጋ ማን ነው?" ሲሉ ጠየቁኝ ኦቦ ጃርሶ።

"የለውም።"

"አባ ሄረጋ ከሌለው ኤላ አይደለም፤ ኩሬ ነው። ኩሬ ውስጥ ሁሉም ይገባል፣ ማንም ንጹሕ አይጠጣም።" ሲናገሩ የተቆጡ አይመስሉም፤ የታዘቡ እንጂ። ብትራቸውን መሬት ላይ ተከሉና በኦሮምኛ ለተሰበሰበው ሰው ተናገሩ፤ እኔ በገባኝ ልክ እንዲህ ነው። "ውሃ አይከለከልም፤ ይህን ማንም አላፈረሰውም። ነገር ግን ኤላውን ያስቆፈረ ቀድሞ ያጠጣል። ያስቆፈረችው የዚህ ሰው ልጅ ናት፤ ዛሬ ልትናገር ፈልጋ ተራ አጥታለች። ስልካችሁን እያጠፋችሁ እዚህ ጨምሩ።" አዴ ሎኮ የልብስ ማጠቢያ ሳፋችንን አመጣች።

"አባባ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ነው" አለ አንድ ባጃጅ ሾፌር።

"ይመታል" አሉት። "አንተ ባታየውም ይመታል።"

"እኔ የመንግሥት ሥራ ላይ ነኝ" አለ አንድ ሃምሳ አለቃ።

"ኤላ ላይ መንግሥትም ተራ ይጠብቃል።"

እኔ አጥሬ ሥር የተቀመጡትን ብሰድብ ኖሮ አንድም ሰው አይነሳልኝም ነበር። እሳቸው አንዴም ሳይሳደቡ ሳፋውን ሞሉት። አዴ ሎኮን ዘብ አቁመው ገባን። ላፕቶፑ ትንሽ ነፍስ ዘራ፤ ክቧ ምልክት ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ግን አታደርስም።

"የሚጠጣ ቀርቷል" አሉ ኦቦ ጃርሶ። ዓይናቸው በመምህር ይልማ ኮት ላይ አረፈ።

መምህር ይልማ ቀስ ብለው ስልካቸውን አወጡ። ተከታታይ ድራማ እያወረዱ ነበር፤ አርባ ሁለተኛ ክፍል ላይ ደርሰዋል። "ለባለቤቴ ነው" አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም። ስልኩ ጠፋ፤ ክቧ አሁንም ትዞራለች። ዓይኑ ሁሉ ወደ እኔ መጣ። ኪሴን ዳበስኩ። ስልኬ ትኩስ እንቁላል መስሏል፤ ከጠዋት ጀምሮ ራሱን ሲያድስ ነበር። በገዛ ኤላዬ ተራ የሰረቅሁት እኔው ነኝ።

ያጠፋሁት ጊዜ ሰናይት ከች አለች። ሰዓቱ አሥር ከሃያ ሆኗል። የጆሮ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ ሰቅላ ልትሄድ ቆማለች።

"አባዬ፣ አንዴ ዝም በልና ስማኝ" አለች። "የጠፋው የእኔ ድምፅ ነው እንጂ፣ የእናንተ ዋይፋዩን እስክታጠፉት ድረስ ይሰማኝ ነበር።"

"ምኑን ሰማሽ?"

"ሁሉን። የእማዬን ሳል ሰማሁ። ማን ይቆጣኛል ያልከውንም ሰማሁ። ሦስት ጊዜ እሺ ብዬ ጮህኩ፤ እዚህ ግቢ ያልሰማኝ የለም፣ እናንተ ብቻ ናችሁ። ይኸው አራተኛው ነው። እሺ ብያለሁ። ወድጄ ነው።"

ፊቷን አየሁት። ለዚህ ብዬ ነበርና ደህና አድርጌ አየሁት። ልታለቅስ ያለች አይደለችም፤ ሳቋን የያዘች ናት። ከትከሻዋ ጀርባ አንድ ቀጭን ሰው ብቅ ብሎ እጅ ነሳ።

"ጋሼ፣ እኔም ሰምቻለሁ" አለ ጉዮ። "መብላት ጀምሬያለሁ።"

ዘነበች ሳቋ አመለጣት፤ ኦቦ ጃርሶም ጥርስ የሌለው ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ። መምህር ይልማ ግን የመጡበትን አልረሱም። ልብሱን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው፣ ከአልጋው ተነስተው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ጀመሩ። "እንግዲህ ወዳጄ፣ ሰው ከተፈጠረበት ከአዳም ዘመን ጀምሮ..."

እኔ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን የመስመር ምልክት እያየሁ ነው። አዳም ላይ ሦስት ዘንግ ነበረች። ኖኅ ላይ ሲደርሱ ሁለት ሆነች። ከውጭ ኳሱ ያመለጠው ሰው ሳፋውን ከቦ ሲያጉረመርም ይሰማል። መምህሩን አውቃቸዋለሁ፤ ከኖኅ እስከ ነገሌ ብዙ ይቀራቸዋል።

"ሰጥቻለሁ" አልኩ።

መምህር ይልማ ቆም አሉ። "ምኑን?"

"ልጄን።"

"ገና እኮ አልጠየቅንህም።"

"መስመሩ ሳይጠፋ እሷ ትስማው ብዬ ነው። እርስዎ ተረጋግተው ይጠይቁኝ፤ እኔ የትም አልሄድም።"